«ወገቤን ነው የሚያመኝ»፦ የጦር ሜዳ ሰቀቀንና የፊዚዮቴራፒ ክፍል

ኳስ ስታዩ፣ ተጫዋች ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ሲንከባለል ኮሜንታተሩ «ወጌሻው ወደ ሜዳ ገብቷል» ይላል። ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠው ሰውዬ በረዶ ይይዝለታል፣ እግሩን ያፍታታለታል፤ ልጁም ተነሥቶ እያነከሰ መሮጥ ይጀምራል። ለአብዛኞቻችን ፊዚዮቴራፒ ማለት በቃ ይኼ ነው። ቢበዛ ቢበዛ ስትሮክ የመታቸው አንድ ዘመድ ግድግዳ ተደግፈው መራመድ ሲለማመዱ አይተን ይሆናል።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰው እናስብ። ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ዓመት አልፎታል። እጅና እግሩ ሙሉ ነው፣ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ጥይት የለም። ግን ሌሊት በላብ ተጠምቆ እየጮኸ ይነሣል። ምግብ ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን የሚያይበት ወንበር ካላገኘ አይቀመጥም። ልጁ ከኋላው መጥቶ ሲነካው እጁ ሳያስበው ይሰነዘራል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲረግም ይውላል። ለዚህ ሰው ወጌሻ ምን ይሠራለታል?

አጭሩ መልስ «ከምታስቡት በላይ ይሠራለታል፤ ግን ብቻውን አያድነውም» የሚል ነው። ረጅሙን መልስ ለማግኘት ትንሽ ታገሡኝ።

ነርቭ የደንብ ልብስ አይለይም

ደብረ ማርቆስ ለዚህ ጉዳይ ሩቅ ከተማ አይደለችም። በጎጃም አንድም ወታደር ያልወጣበት ቤተ ዘመድ ማግኘት ይከብዳል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ወደየቤቱ ተሸኝቷል። ከ1990 እስከ 1992 የኤርትራ ጦርነት መጣ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 የሰሜኑ ጦርነት ሆነ። እርሱ በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ ሲባል፣ ዓመት ሳይሞላ ክልላችን ራሱ የግጭት ቀጠና ሆነ። መንገድ ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ የነበረበትን ጊዜ ይህን የሚያነብ የጎጃም ልጅ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ማን ከማን ጋር፣ ለምን ተዋጋ የሚለውን የሚከራከሩ ገጾች ሞልተዋል፤ ይህ ጽሑፍ ከእነርሱ አንዱ አይደለም። መከላከያ ይሁን ልዩ ኃይል፣ ሚሊሻ ይሁን ፋኖ፣ የድሮው ጦር ይሁን የአሁኑ፣ ነርቭ የደንብ ልብስ አይለይም። ሞርታር አጠገቡ የፈነዳበት ሰው ማንም ይሁን ማን ሰውነቱ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ዕቅድ ይዞ ነበር። «ተሃድሶ» ሲባል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበን ገንዘብ፣ ሥልጠናና መቋቋሚያ ነው። በ1983ም እንዲሁ ነበር፤ ለገጠር ተመላሹ እህል፣ የእርሻ መሬትና ግብዓት ታሰበለት። ሁሉም አስፈላጊ ነው። በሬ ያለው፣ መሬት ያለው፣ እንቅልፍ ግን የሌለው ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው።

ሕመሙ ሁልጊዜ የሰውነት ስም ነበረው

ዛሬ ሐኪሞች ፒቲኤስዲ ይሉታል፤ በአማርኛ «ድኅረ አደጋ ጭንቀት» እያልን ነው። ስሙ አዲስ ነው፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980፣ የቬትናም ተመላሾች ብዙ ከጮኹ በኋላ ነው። በሽታው ግን ከስሙ በብዙ ይቀድማል።

የሚገርመው የድሮዎቹ ስሞች ናቸው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጃኮብ ዳ ኮስታ የሚባል ሐኪም ወታደሮችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1871 ያወጣው ጽሑፍ ስለ ልብ ነበር፤ ልባቸው ይደልቃል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል፣ ምርመራው ላይ ግን ልባቸው ጤነኛ ነው። ሕመሙ «የወታደር ልብ» ተባለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቻርልስ ማየርስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 «ሼል ሾክ» የሚለውን ቃል በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ፤ የመድፍ ንዝረት አንጎልን ያናጋው መስሏቸው ነበር። ወታደሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ እግራቸው አልታዘዝ ይላል፣ ድምፃቸው ይጠፋል። ሐኪም ጋ ያልደረሱትም ነበሩ። በዚያው ጦርነት በመክዳትና በፍርሃት ተከሰው በገዛ ጦራቸው የተረሸኑ 306 የእንግሊዝና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደሮች ይቅርታ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዘጠና ዓመት ገደማ ዘግይቶ ማለት ነው።

ፊዚዮቴራፒም ራሱ በአብዛኛው የዚያ ጦርነት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ቁስለኞችን በእሽት፣ በእንቅስቃሴና በውኃ እንዲያገግሙ የሚረዱ ሴቶች ሠልጥነው ተሰማሩ። ከመካከላቸው ሜሪ ማክሚላን የምትባለው እ.ኤ.አ. በ1921 የሙያው ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ፕሬዝዳንት ሆነች። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ በክሬግሎክሃርት ሆስፒታል አርተር ብሮክ የሚባል ሐኪም ሼል ሾክ የመታቸውን መኮንኖች አልጋ ላይ አያስተኛም ነበር። በእግር ያስኬዳቸዋል፣ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ያሠራቸዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ጦርነቱ ሰውየውን ከአካባቢው ቆርጦታል፣ ሥራና እንቅስቃሴ መልሰው ይቀጥሉታል።

የቁስለኛው አካልና አእምሮ በአንድ ሰው ውስጥ እንዳሉ ያኔም የገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ኋላ ላይ ነው ሁለቱ በሁለት ክፍል፣ በሁለት ካርድ፣ በሁለት ሰልፍ የተለያዩት።

ጀግና እና ወገቡ

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ልጅ ሆነን ስለ በላይ ዘለቀ እየሰማን ነው ያደግነው። ሽለላውና ቀረርቶው በየሠርጉ አለ። ጀግና አይፈራም፣ ጀግና አያለቅስም፣ ጀግና ቢቆስል እንኳ ቁስሉን በነጠላው ሸፍኖ ይፎክራል። ይህ ባህል ብዙ ነገር አቁሞልናል፤ አልክድም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ከጦርነት በኋላ ያለው ሰውዬ ነው። «ፈራሁ» የሚል ቃል አልተሰጠውም። «ያመኛል» የሚል ቃል ግን ተሰጥቶታል።

የሰፈራችን አንድ አዛውንት አሉ። በ1991 ግንባር ላይ ነበሩ። በየዓመቱ የጥምቀት ዕለት፣ ገና ታቦቱ ሳይገባና ተኩሱ ሳይደምቅ፣ ቀድመው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። «ወገቤን ስለሚያመኝ ብዙ መቆም አልችልም» ነው የሚሉት። ክረምት ላይ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ መብረቁ ሲያስገመግም፣ ያው ወገባቸው ይነሣባቸዋል። ሰፈሩ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሚያውቀው ስለ ወገባቸው ነው። ቅቤ ታሽተዋል፣ ጸበል ተጠምቀዋል፣ ኪኒን ውጠዋል። ስለ እንቅልፋቸው የጠየቃቸው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

ልብ በሉ፤ እየዋሹ አይደለም። ወገባቸው በእውነት ያማል።

ማንቂያው ሳይጠፋ ሲቀር

አደጋ ሲመጣ ሰውነት የራሱ ፕሮግራም አለው። አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ወደ ደረት ይወጣል፣ ደም ከሆድ ወደ ክንድና እግር ይሮጣል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ወታደሩን በሕይወት ያቆየው ይኸው ነው። ችግሩ የሚመጣው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ማንቂያው አልጠፋ ሲል ነው። ስልካችሁ ላይ ከጀርባ ሆኖ ሁሌ የሚሠራ አፕ ባትሪውን እንዴት እንደሚጨርሰው ታውቃላችሁ። ስክሪኑ ጠፍቷል፣ ስልኩ ግን ይሞቃል። እንደዚያ ነው።

ለወራትና ለዓመታት የተወጠረ ጡንቻ ያማል። መንጋጋ ተነክሶ ያድራል፣ ጠዋት ጭንቅላት ይፈልጣል። ትከሻ ወደ ጆሮ ወጥቶ ይቀራል፣ አንገት አልዞር ይላል። በደረት ብቻ የሚተነፍስ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፣ ራሱን ያዞረዋል። ወገብ ደግሞ የዚህ ሁሉ ጭነት መጋዘን ነው። በዚህ ላይ በርሜልና ጥይት ተሸክሞ ተራራ የወጣበት፣ ምሽግ ውስጥ ተኮራምቶ ያደረበት ጊዜ ሲጨመር አስቡት።

ሻርፕና ሃርቪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ ሕመሙና ሰቀቀኑ እንዴት እርስ በርስ እንደሚመጋገቡ አስረድተዋል። ቁስሉ ሲያም የቆሰለበትን ቀን ያስታውሰዋል። ትዝታው ሲመጣ ጡንቻው ይወጠራል። ሲወጠር ሕመሙ ይጨምራል። ሕመሙን ስለሚፈራ ይቀመጣል፣ ከሰው ይርቃል፤ ሲቀመጥ ጉልበቱ ይደክማል፣ እንቅልፉ ይጠፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር ይብስበታል። ድፍን ክብ ነው። ክቡ አንድ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት፤ የፊዚዮቴራፒ ሙግት «በሰውነቱ በኩልም መቁረጥ ይቻላል» የሚል ነው።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

የመጀመሪያው ሥራ አለመንካት ነው። ብዙው የፊዚዮቴራፒ ሥራ በሽተኛው በደረቱ ተኝቶ፣ ባለሙያው ከጀርባው ቆሞ የሚሠራ ነው። ጀርባውን ለማንም ሰጥቶ መቀመጥ ለማይችል ሰው ይህ ራሱ ማሰቃያ ነው። ስለዚህ የገባው ባለሙያ በሩ የሚታይበት አልጋ ይመርጣል፣ ከፊት ሆኖ ይጀምራል፣ ያስፈቅዳል። «ጋሼ፣ አሁን ትከሻዎን ልነካ ነው፤ ይፈቅዳሉ? ካልተመቸዎት በማንኛውም ሰዓት በቃ ይበሉኝ።» ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለዓመታት በሰውነቱ ላይ የሚሆነውን ራሱ ሳይወስን ለኖረ ሰው ግን «በቃ» ማለት መቻል የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ቀጥሎ ትንፋሽ ይመጣል። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ ይደረጋል። አየር ሲገባ መነሣት ያለበት የሆዱ እጅ ነው። አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ ስድስት ቆጥሮ ቀስ ብሎ ማውጣት። ማውጫው ከማስገቢያው ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል፤ የማንቂያው ማጥፊያ በትንሹ ይነካል ማለት ነው።

ከዚያ ጡንቻን አውቆ ማጥበቅና አውቆ መልቀቅ አለ። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያዳበረው ዘዴ ነው። ጭብጥ፣ ቆይ፣ ልቀቅ። ትከሻ ወደ ላይ፣ ቆይ፣ ልቀቅ። ዓላማው ሰውየው «የተወጠረ» እና «የላላ» የሚባለውን ልዩነት እንደገና እንዲያውቀው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተወጥሮ የኖረ ሰው መወጠሩን ራሱ ይረሳዋል።

ቀጥሎ መራመድና ጉልበት ማጠንከር ይመጣል፤ በልክ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ድኅረ አደጋ ጭንቀት ያለበት ሰው የገዛ ልቡን ምት ይፈራል። ልቡ ሲደልቅ ሰውነቱ «ተኩስ መጣ» ብሎ ይተረጉመዋል። የደብረ ማርቆስን ዳገት ቀስ ብሎ ሲወጣ ልቡ ይደልቃል፣ ያልበዋል፣ ትንፋሹ ያጥራል፤ ግን ምንም አይፈነዳም። ጫፍ ደርሶ ያርፋል፣ ልቡ ይመለሳል። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ቀስ በቀስ «የልብ ድለቃ ሁሉ ጦርነት አይደለም» የሚለውን ከቃል ይልቅ በእግሩ ይማረዋል።

ፈንጂ አጠገቡ የፈነዳበት ሰው ደግሞ የራስ ማዞርና ሚዛን መሳት ሊኖርበት ይችላል። ለዚህም የዓይንና የሚዛን ልምምዶች አሉ። ሰክሮ ነው ተብሎ የሚሳቅበት ሰው አንዳንዴ ይህ ነው ያለበት።

«ታዲያ ገበሬው ሲያርስ፣ ደቦ ሲወጣ ይህንኑ እያደረገ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። በከፊል አዎ። ብሮክም ያለው ይህንኑ ነበር። ደቦ ሰውን ከሰው ያገናኛል፣ ሥራው ቀኑን ቅርጽ ይሰጠዋል። ግን ደቦ ልክ የለውም፤ ወገቡ የታመመ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጭድ ውሎ ለሁለት ሳምንት ይተኛል። የፊዚዮቴራፒ ልዩነቱ መጠኑ ነው። ኪኒን በመጠን እንደሚታዘዝ እንቅስቃሴም በመጠን ይታዘዛል።

ማስረጃው ምን ይላል? ሁለቱንም ወገን ስሙ

ዩቲዩብ ላይ «በ7 ቀን ከጭንቀት የሚያድን እንቅስቃሴ» የሚል ቪዲዮ አይጠፋም። እውነተኛው ማስረጃ ከዚያ ረጋ ያለ ነው።

ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ውስጥ በድኅረ አደጋ ጭንቀት ሆስፒታል የተኙ 81 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም የተለመደውን የአእምሮ ሕክምና ያገኛሉ። ግማሾቹ ግን በተጨማሪ ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ የጉልበት ልምምድ ሠሩ፤ እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ ታጥቀውም የእግር ጉዞ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንቅስቃሴ የጨመሩት ሰዎች የሰቀቀን ምልክታቸው ይበልጥ እንደቀነሰ፣ ድባቴያቸውና እንቅልፋቸውም እንደተሻሻለ አሳየ።

ቦስተን አካባቢ ቤሴል ቫን ደር ኮልክ የሚባለው ታዋቂ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ሕክምና አልሠራ ያላቸውን 64 ሴቶች ለአሥር ሳምንት አጠና። ዮጋ ከሠሩት 52 በመቶው በመጨረሻ የበሽታውን መስፈርት አያሟሉም ነበር፤ ዮጋ ሳይሆን የጤና ትምህርት ከተሰጣቸው ግን 21 በመቶው። እነዚህ ወታደሮች እንዳልሆኑ ግን አትርሱ።

አሁን ሌላኛውን ወገን ስሙ። ዴንማርክ ውስጥ 338 በጦርነትና በስደት የተጎዱ ስደተኞች ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን ሕክምና ብቻ፣ አንዱ በተጨማሪ በፊዚዮቴራፒስት የሚመራ የሰውነት ንቃት ልምምድ፣ ሌላው በተጨማሪ የተለያየ የአካል እንቅስቃሴ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲወጣ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልታየም። የተጨመረው እንቅስቃሴ ሰቀቀኑን ከተለመደው ሕክምና በላይ አልቀነሰውም።

ስለዚህ ሚዛናዊው ቃል ይህ ነው። ለድኅረ አደጋ ጭንቀት ጠንካራው ማስረጃ ያለው በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጠው፣ በደረሰው ነገር ላይ የሚያተኩር የንግግር ሕክምና ነው። እንቅስቃሴ በላዩ ሲጨመር አንዳንዶችን በግልጽ ይረዳል፣ ሌሎችን አይረዳም። ምትክ ነው የሚላችሁን አትመኑ።

«እንግዲያው ለምን ይህን ሁሉ ጻፍክ?» ካላችሁ፣ መልሴ ከሆስፒታሉ በር ላይ ይጀምራል።

የትኛውን በር ያንኳኳል?

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ኢኮኖሚክስ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ አገልግሎት መኖሩና ሰው መጠቀሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አዲስ አበባ አማኑኤል አለ፤ በሥራ ላይ ላለ ወታደር ደግሞ ሠራዊቱ የራሱ ሆስፒታል አለው። ግን ከቢቡኝ ወይም ከስናን የመጣ የቀድሞ ተዋጊ «የአእምሮ ሕክምና» የሚል ጽሑፍ ያለበትን በር አንኳኩቶ ሲገባ ጎረቤት ቢያየውስ? «አበደ» ይባላል። ሚስት ለማግባት፣ ሽምግልና ለመቀመጥ፣ ብድር ለመበደር ሳይቀር ያ ስም ዋጋ አለው። «ወገቤን አሞኝ ፊዚዮቴራፒ እመላለሳለሁ» ቢል ግን ማንም ቀና ብሎ አያየውም። የቆሰለ ጀግና ነው።

የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ትልቁ ዋጋ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ጀግናው ሳያፍር የሚገባበት በር ነው። ባለሙያው ደግሞ እንደ ተመላላሽ ሐኪም አምስት ደቂቃ አይቶት አይሸኘውም፤ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ለሳምንታት አብሮት ይሠራል። ሰው የሚተማመነው እንዲህ ነው። በአምስተኛው ቀን፣ ትከሻው ሲላላ፣ «እንቅልፍስ እንዴት ነው ጋሼ?» ለሚል ጥያቄ እውነተኛ መልስ ሊመጣ ይችላል። ባለሙያው ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከሠለጠነ፣ ከአእምሮ ሕክምና ክፍሉም ጋር በእጅ የሚቀባበል ከሆነ፣ አዲስ ሕንጻ ሳይሠራ፣ አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ ብዙ ሰው ይገኛል።

ወጪውን ግን እናስላ። ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ 12 ምልልስ ነው። አስታማሚ አብሮ ከመጣ 24 የሥራ ቀን ይቃጠላል። ኅዳር ላይ ከሆነ ጤፉ ማሳ ላይ ይረግፋል። ትራንስፖርቱ፣ የከተማ ምግቡ፣ መንገድ የተዘጋ ቀን ማደሪያው አለ። ካርዱ በነጻ ቢሆን እንኳ ሕክምናው ውድ ነው። በሽተኛው ሦስት ቀን መጥቶ ሲቀር «ግዴለሽ ነው» እንላለን፤ ሒሳቡን ሠርቶት ነው እንጂ።

ባለሙያውም ጥቂት ነው። በአገራችን ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሰው ሠራሽ እግርና ክራንች ለሚያስፈልገው ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ሁሉንም ወደ ትልቅ ከተማ እየጎተትን አንዘልቀውም። የሚያዋጣው ሁለትና ሦስት ጊዜ ሆስፒታል አስመጥቶ ልምምዱን በደንብ አስተምሮ፣ ቀሪውን ቤቱ እንዲሠራ መላክ፣ ጤና ኬላ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደግሞ እንድትከታተለው ማድረግ ነው። ትንፋሽ መቁጠር፣ ዳገት መውጣት፣ ጡንቻ ማላላት መብራት አይፈልግም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም።

ስለ ጸበልና ስለ ባህላዊው ወጌሻም አንድ ቃል ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞች ከጸበል ቦታ አገልጋዮች ጋር ተግባብተው፣ ጸበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን ያስኬዱበት ልምድ አለ። ለጎጃምም ይህ መንገድ ይሆናል፤ «ወይ ጸበል ወይ ሐኪም» ያልነው ሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪሙን ነው የሚተወው። ወጌሻውም የሰፈሩ የመጀመሪያ በር ነው። የተሰበረ አጥንትና የጥይት ቁስል አለማሸት፣ ሌሊት የማይተኛን ሰው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ቢማር ብዙ ነፍስ ያድናል።

እናንተስ?

ሐኪሞች ለመለየት የሚጠቀሙባቸው አምስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። ባለፈው አንድ ወር፤ አንደኛ፣ ስለደረሰው ነገር ቅዠት አይቷል ወይም ሳይፈልግ ትዝ ብሎታል? ሁለተኛ፣ ላለማሰብ ይታገላል፣ የሚያስታውሱትን ቦታዎች ይሸሻል? ሦስተኛ፣ ሁሌ ንቁ ነው፣ በትንሹ ይደነግጣል? አራተኛ፣ ከሰው፣ ከሥራ፣ ከአካባቢው የተለየ፣ የደነዘዘ ሆኖ ይሰማዋል? አምስተኛ፣ በደረሰው ነገር ራሱን ወይም ሌላውን መውቀስ ማቆም አቅቶታል? ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ወደ ምርመራ የሚወስድ ጥቆማ ነው።

ስልክ በእጃችሁ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያዘዘውን ልምምድ ለአጎታችሁ በራሳችሁ ድምፅ ቅዱላቸው፤ የእናንተን ድምፅ ከማያውቁት ሰው ቪዲዮ ይልቅ ይሰሙታል። ማለዳ አብራችኋቸው ተራመዱ። ከኋላ መጥታችሁ አትንኳቸው፤ ከሩቅ ስማቸውን ጠርታችሁ ቅረቡ። የጦርነት ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ በድምፅ ከፍታችሁ ቤት ውስጥ አታጫውቱ። «ስንት ሰው ገደልክ?» የሚባል ጥያቄ ለቀልድም አይጠየቅም።

አንድ ነገር ግን አይዘገይም። «መኖር ሰለቸኝ»፣ «ብሞት ይሻላል» ያለ ሰው ካለ ልምምድና ትንፋሽ የሚባል ነገር ይቆይ። ብቻውን አትተዉት። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ የሚያከብረው ዘመድ ወይም የንስሐ አባት በአደራ ይውሰዱት። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።

ከዚያ ውጪ ላለው ለእያንዳንዱ ቀን ግን የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነው። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው «ወገቤን ያመኛል» ሲላችሁ እመኑት፣ ወገቡ ያማል። ፊዚዮቴራፒ ውሰዱት፣ ይታይለት። መንገድ ላይ እያላችሁ፣ ፊቱን ሳይሆን መንገዱን እያያችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት፦ «እንቅልፍስ?»